የአግዳሚው ሥር ቆርኪዎች

«ታች ታች ምንድነው የምታዪው?» አለች ጓደኛዋ አይናዲስ፣ የንፍሮውን ሰሃን ወደ የሺዓለም ጉልበት ገፋ አድርጋ። «ሰው ነፍስ ይማር እያለ ነው። ቀና በይና አሜን በይ እንጂ።»

የሺዓለም ቀና ብላ አሜን አለች። ከዚያ ዓይኗ ተመልሶ ታች ወረደ።

ባሏ አባይነህ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እሪ በከንቱ ሰፈር ያለችው ጠባብ ግቢያቸው የዕድሩን ድንኳን አልችል ብላ አንደኛው ካስማ ከጎረቤት ጎመን መሀል ተተክሏል። እሷ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣለች፤ ለቀስተኛው ፊት ለፊቷ፣ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ። ሁለት ቀን ከፍራሽ ያልተነሳ ሰው የሚያየው ጉልበትና ጫማ ብቻ ነው። የዕድሩ ዳኛ አቶ እምሩ አንዱን ጥቁር አንዱን ቡኒ ካልሲ አድርገው እንደመጡ ከእሷ በቀር ያወቀ የለም። አባይነህ ቢኖር ማታ ትነግረውና አብረው ይስቁ ነበር።

ዓይኗን የያዘው ግን ካልሲው አልነበረም። ከሰዎቹ እግር በላይ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ የአግዳሚዎቹ ሆድ ቆርኪ ለብሷል። የቢራ ቆርኪ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ ጥርሱ ወደ እንጨቱ ዞሮ በሚስማር ተመትቶ፣ አራት አራት ረድፍ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ጀርባ በቀይ ቀለም አንድ አንድ ፊደል ተጽፎበት። ስድስቱም አግዳሚ እንደዚያው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስለነዚህ ቆርኪዎች ስትሰማና ስትጣላ ኖራ፣ በዓይኗ ስታያቸው ገና አሁን ነው። ለማየት መሬት መቀመጥ ኖሮባታል።

እንባዋ አልመጣም። ቀብር ላይም አልመጣም። ሴቶቹ «ደርቃለች፣ ይቺ ሰው ደርቃ ትቀራለች» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች፤ ያልሰማች መስላ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ከዚያ ነው ጣቶቹን ያየችው። ሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ የባለሱቁ የኑሪ ልጅ ረሂማ ተቀምጣለች። ከላይ ሲያዩአት ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ለቅሶ ላይ እንደሚገባ ዝም ብላለች። ከሥር ግን ሁለቱም እጆቿ ከመቀመጫው በታች ገብተዋል፤ አሥሩም ጣቶቿ ይሮጣሉ።

«ይቺን ልጅ እይልኝ» አለች የሺዓለም በሹክሹክታ። «የኔ ባል ሞቶ እሷን ከሥር እከክ ይዟታል።»

አይናዲስ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየች። «እከክ አይደለም። ታይፕ ነው።»

«የምን ታይፕ?»

«ቅዳሜ ጠዋት ለታይፒስትነት ትፈተናለች እኮ። ለሁለተኛ ጊዜ። አሁን ካላለፈች ወልቂጤ አጎቷ ሱቅ እልካታለሁ ብሏል ኑሪ። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንቺ ብቻ አታውቂም? እዚሁ ቤት የሚሠራውን?»

«እዚህ ቤት አይሠራም ነበር» አለች የሺዓለም። «የዕድሩ መጋዘን ነው የሚሠራው።»

ነገሩ የጀመረው በኪስ ነው። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት የባሏን ሱሪ ልታጥብ ስታራግፍ ሦስት ቆርኪ ወደቀ። በሳምንቱ ሰባት። ከዚያ ወዲያ መቁጠር ተወች። አባይነህ ሃያ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት በታይፒስትነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ጠላ እንኳ ለጥምቀት ብቻ የሚቀምስ ሰው ነበር። «ጡረታ ያልጠጣውን ያጠጣል» አለች ያኔ አይናዲስ። የፒያሳ ቡና ቤት አሳላፊዎች በስሙ እንደሚጠሩት ተሰማ። እውነትም ይጠሩት ነበር፤ ቆርኪ አጠራቅመው ስለሚጠብቁት ነው። የሺዓለም ግን ያን ከየት ታውቃለች።

የባሰው በኅዳር መጣ። አይናዲስ ፒያሳ ቅባትና ሽቶ ከሚሸጥበት ሱቅ ባንኮኒ ፊት ቆሞ ቀይ የጥፍር ቀለም ሲገዛ አይታው፣ ሽቅብ ቁልቁል እየሮጠች እሪ በከንቱ ደረሰች።

«አንድ ብልቃጥ ቢሆን ለአንቺ ነው ብዬ ዝም እል ነበር» አለች እያለከለከች። «አራት ነው የገዛው።»

የዚያን ዕለት የሺዓለም እራት አላቀረበችም። አራቱን ብልቃጥ ከካፖርቱ ኪስ አውጥታ ገበታው ላይ ደረደረችና «የአራቷንም ስም ንገረኝ» አለችው።

አባይነህ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሲያበቃ ነገራት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው የድንጋይ አጥር ላይ ተሰቅለው ስለሚውሉት የሰፈር ልጆች ነገራት፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በአሥር ጣት የሚጽፍ ሰው እንደሚፈልግ፤ የራሱን የጽሕፈት መኪና በስልሳ ዘጠኝ ቀበሌው በአደራ ብሎ እንደወሰደበት። ይህን የመጨረሻውን ታውቃለች። ያኔ ቤቱ ታይፕ ያለው ሰው ምን ትጽፋለህ ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ ራሷ ናት ተሸክማ እስከ በር ያደረሰችለት። እናም አባይነህ አሰበና የዕድሩ አግዳሚዎች ሥር ቆርኪ መታ። ፊደሎቹን በጥፍር ቀለም ጻፈ፣ ሌላ ቀለም በጣት ላብ ይለቃል ብሎ። መጋዘኑ ውስጥ አግዳሚው ተገልብጦ በሌላው ላይ ሲደረብ ጠረጴዛ ይሆናል።

«ጣት ቦታውን ከለመደ እውነተኛው መኪና ላይ ሲቀመጥ አይደነግጥም» አላት። «ነይና እዪው።»

«አልመጣም።»

በመጀመሪያ አልሄድም ያለችው ስለጠረጠረችው አፍራ ነው። ቀጥሎ እፍረቱ እልህ ሆነ። ከዚያ እልሁም ተረሳና ልማድ ብቻ ቀረ። ከመጋዘኑ እስከ ቤታቸው መቶ እርምጃ አይሞላም።

እሷ ባትሄድ ሌላው ሁሉ ሄደ። የቀበሌው ሰው መጥቶ «የዚህ ስብሰባ አጀንዳ ምንድነው?» ሲል አባይነህ «ትንሿ ጣት» አለው። ሰውየው ጽፎ ከያዘ በኋላ «ዘጠኙስ?» ብሎ ጠየቀ። «ዘጠኙ ችግር የለባቸውም።» አቶ እምሩ ደግሞ የዕድር ንብረት በሚስማር ተበሳ ብለው ጉባኤ ጠሩ፤ ቁጣቸው ሲበርድ በአንድ ነገር ተስማሙ። ሰው ሲሞት ትምህርቱ ሦስት ቀን ይዘጋል፣ አግዳሚዎቹ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን አንድም አግዳሚ እግሩን ወደ ላይ አያዞርም። እግሩ የተሰቀለ ወንበር ሌላ ሬሳ ይጠራል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አቶ እምሩ ከነሱ አንዱ ናቸው። አባይነህ እጁን አንስቶ ማለ። መሐላውንም አንድ ቀን አላፈረሰም። ድንኳን በተተከለ ቁጥር አግዳሚዎቹን በትከሻው የሚያደርሰው እሱ ነበር።

ትላንት የሱን ለቅሶ አግዳሚዎች ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። አስክሬኑንም የተሸከሙት እነሱ ናቸው። የሺዓለም እንባዋን የሚይዘው ይሄ ነው።

ክረምት ላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የመጋዘኑ ግድግዳ ቀለም ተቀባ፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ግን ከመንገድ ስለማይታይ ቀረ። አባይነህ ላስቲኩን አግዳሚዎቹ ላይ ያለብስና ራሱ ዝናቡ ሥር ይቆማል። ሳሉ ነሐሴ ላይ ያዘው፣ በመስከረምም አልለቀቀውም። አንድ ማታ ካፖርቱ ርሶ ሲገባ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እነዚህ የሰው ልጆች ይቀብሩሃል» አለችው።

«ይቅበሩኝ» አለ፣ ጫማውን እየፈታ። «ሌላ ማን አለኝ?»

ልጅ አልወለዱም። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ስለዚያ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ያን ማታም ክፉ ቃል አልነበረም ምናልባት፤ ድምፁ እንደወትሮው ነበር። እሷ ግን ቃሏን ውጣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፣ ከዚያ ወዲያም ስለመጋዘኑ አንድ ነገር ሳትጠይቀው ጥቅምት ገባ። በጥቅምት አጋማሽ ሞተ። ሌላ ማን አለኝ ብሏታል። እና እሷ ምኑ ናት?

ከሰዓት በኋላ ደበሳይ መጣ። ከተማሪዎቹ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ያኔ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪ ይለብስ የነበረው ልጅ ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለ መሥሪያ ቤት ከነክራባቱ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ የሺዓለምን ትከሻ ሳመና ረሂማ ጎን ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ልጅቷ ዘንበል አለ።

«እጅሽን አውጪ» አላት በቀስታ።

«ምን አደረግሁ?»

«ከላይ ተቀምጠሽ ከሥር ስትነኪው ሁሉም ነገር ይገለበጥብሻል። በትንሿ ጣትሽ የምትመቺውን በሌባ ጣትሽ እየመታሽ ነው። ጣትሽን እያበላሸሽው ነው፣ ረሂማ። ቅዳሜ መኪናው ፊት ስትቀመጪ ይጠፋብሻል።»

ረሂማ እጆቿን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸው። የሰው እጅ የያዘች ይመስል ታያቸው ጀመር። «ሦስት ቀን ነው ያልነካሁት» አለች። «የአንተ ቢሮ መኪና ላይ ብለማመድ…»

«ያለ ደብዳቤ ዘበኛው እኔንም ከሥራ ሰዓት በኋላ አያስገባኝም።»

«ጋሽ አባይነህን ልጠይቅ ብዬ ልነሳ ነበር ጠዋት» አለች ረሂማ። «ከአልጋዬ ወርጄ ጫማዬን አጥልቄያለሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ።»

የሺዓለም ፍራሹ ላይ ሆና እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ኀዘንተኛ አይሰማም ብሎ ሰው ፊቱ ብዙ ያወራል።

«ደበሳይ» አለችው። «ምን ነበር የሚያስጽፋችሁ?»

ደበሳይ ክራባቱን ነካ ነካ አደረገ። «ተራ ነገር ነው፣ እትዬ።»

«ተራውን ንገረኛ።»

ልጁ ከረሂማ ጋር ተያየ። «ቢሰሙ ይቆጣሉ ብለን ነው ያልነገርንዎት። ጋሽ አባይነህ ጋዜጣ አላስጽፍም ይሉ ነበር፤ አንዱ ቃል ተሳስታችሁ ብትጽፉ መዘዝ አለው ይላሉ። ስለዚህ…» አንገቱን አከከ። «ስለ እርስዎ ነበር።»

«ስለ እኔ ምን?»

«የዋሉትን። ‹የሺዓለም ዛሬ በርበሬ ስታሰጣ ዋለች። የሺዓለም ድመቷን ተቆጥታ ካባረረች በኋላ ተመልሳ ወተት ሰጠቻት። የሺዓለም ሽሮው ጨው በዛበት ብላት አኮረፈች።› እንዲህ እንዲህ እያሉ። ዓይናችንን በፎጣ አስረን እንመታለን፤ ቆርኪ ነውና ወረቀት የለ፣ ስህተታችንን በድምፁ ነው የሚያውቁት። እኔ ፈተናዬን ያለፍኩት እርስዎ ሽንኩርት ስለ ተወደደብዎት ቀን በተለማመድኩት ነው።»

አይናዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሺዓለም ግን አልሳቀችም።

«በየቀኑ አዲስ ነው» አለ ደበሳይ። «የመጨረሻዋ መስመር ብቻ አትለወጥም። እሷን ሳንጽፍ አንወጣም።»

«ምን ትላለች?»

ረሂማ ናት አንገቷን እንደደፋች የመለሰችው። «‹የሺዓለም ዛሬ አልመጣችም። ነገ ትመጣ ይሆናል።›»

የሺዓለም ከሰሃኑ አንድ ፍሬ ስንዴ አንስታ አፏ ውስጥ አደረገች። ብዙ ጊዜ አላመጠችው።

በማግሥቱ አርብ፣ ሣልስት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ አይናዲስ የሟቹን ካፖርት ይዛ መጣች። ልብሱ ለቄሶቹ ሊሰጥ ነው፤ ኪሱን ፈትሺ አለቻት። በቀኝ ኪስ መሐረብ ነበር። በግራው አንዲት ቆርኪ፣ ሚስማሯ የተጣመመ። ቀለሙ በጣት ብዛት ተፋፍቆ ፊደሉ አይለይም።

«አንዷ ወልቃ ነበር» አለች የሺዓለም። «ሦስተኛው አግዳሚ፣ በስተዳር። ሁለት ቀን ቦታዋን ሳየው ነው የዋልኩት።»

ሊመልሳት አስቦ ኪሱ ከቷት ነበር። ቆርኪዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑ ሞላ። ማታ ይፈርሳል። አቶ እምሩ በዕድሩ ስም የማጽናኛ ቃላቸውን ተናግረው ሲቀመጡ፣ ሁለት ቀን በሰው ፊት ከአሜን ሌላ ያልተናገረችው ሴት አፏን ከፈተች።

«አቶ እምሩ፣ ያ ሦስተኛው አግዳሚ ይገልበጥልኝ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ አግዳሚው ዞረ።

«የቱ?» አሉ አቶ እምሩ፣ ሰምተው ሳለ።

«ረሂማ ያለችበት። ተገልብጦ እዚህ፣ እኔ ፊት፣ በሌላው ላይ ይደረብ። ልጅቷ ነገ ፈተና አላት።»

«ወይዘሮ የሺዓለም፣ ኀዘን ነው፤ አይፈረድብዎትም። ግን ለቅሶ ቤት እግሩ የተሰቀለ ወንበር ደግ አይደለም። ራሱ አባይነህ የማለበት ነው።»

«ምን ያመጣል?»

«ሌላ ለቅሶ ያመጣል ነው የሚባለው።»

«እዚህ ቤት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። በእኔ ከመጣ ደግሞ ድንኳኑ እንደተተከለ ነው፤ ዕድሩም አይደክምም።»

አንዱ ሳቅ አምልጦት ሳል አስመሰለው። አቶ እምሩ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ጭራሽ አይሆንም በሚል።

«አቶ እምሩ» አለች የሺዓለም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ እኮ ከመሬት ሆኜ ብዙ ነገር ነው የማየው። ትላንትም ዛሬም አንዱን ጥቁር፣ አንዱን ቡኒ አይቼ ዝም ብያለሁ።»

ዳኛው ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ቆይተው ተመለከቱ። ከዚያ ሱሪያቸውን ወደ ታች ጎተት አድርገው ብድግ አሉና፣ «ሟች ሲምል ተማሪዎቹን ብሎ ነው እንጂ የራሱን ሚስት ሊከለክል አይደለም» ብለው የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ራሳቸው አነሱ። ሌላውን ደበሳይ ያዘ። ላዩ ላይ የነበሩት ተነስተው ቆሙ፣ የቀሩት ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧቸው። አግዳሚው ተገልብጦ ፍራሹ ፊት በሌላው ላይ ተደረበ፤ አራቱ እግሮቹ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ ቆሙ። ቀዩ ፊደል ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ብርሃን፣ በሰው ፊት ታየ። «አቤት፣ ይሄን ሁሉ ብቻውን መታው?» አለ አንድ ሰው።

ረሂማ አልተንቀሳቀሰችም። «እትዬ የሺ፣ ይቅርብኝ። ሰው ምን ይላል? ለቅሶ ላይ…»

«ነይ ፍራሹ ላይ ተቀመጪ።»

«እዚያማ የኀዘንተኛ ቦታ ነው።»

«አንቺስ ምንድነሽ?»

ልጅቷ መጥታ ጎኗ ተቀመጠች። አይናዲስ ሳትጠየቅ መሐረቡን፣ የአባይነህን፣ አምጥታ ዓይኗን አሰረችላት። ረሂማ አሥሩንም ጣቷን ቆርኪዎቹ ላይ ዘረጋች፤ ዳር ላይ ስትደርስ ትንሿ ጣቷ ባዶ እንጨት ነካችና ቆመች።

«እዚህ የለም» አለች። «እሳቸው ሰነፍ የሚሏት ይቺን ጣት ነው። መጀመሪያም የጣለችኝ እሷ ናት።»

የሺዓለም የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ቆርኪዋን አወጣችና፣ ሚስማሯ ተጣሞ አልገባ ስላለ፣ ቦታዋ ላይ አድርጋ ዳሯን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጥጣ ያዘቻት።

«አሁን አለ» አለች። «ደበሳይ፣ አስጽፋት።»

ደበሳይ ጉሮሮውን ጠረገ። አዲስ ነገር መፍጠር አልቻለም፤ የሚያውቀውን ጀመረ። «የሺዓለም ዛሬ በርበሬ ስታሰጣ ዋለች።» ቆርኪዎቹ ተንኳኩ። በመጀመሪያ ዝብርቅርቅ ያለ፣ የሚደናቀፍ ድምፅ ነበር፤ የሁለት ቀኑ ጥፋት አለበት። «እንደገና» አለ ደበሳይ። እንደገና መታች። ድንኳን ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ አሳላፊዋ ንፍሮ የያዘችውን ሰሃን እንዳቀፈች ቆማለች። ስለ ድመቷ ጻፈች። ስለ ሽሮው ጻፈች። ስለ ሽንኩርቱ ስትደርስ ድምፁ ጠርቶ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ እኩል ዝናብ ሆኖ መሄድ ጀመረ። ትንሿ ጣት በመጣች ቁጥር ቆርኪዋ በየሺዓለም ጣቶች መሀል ትመታለች። ትቆረቁራለች፣ ጥርሷ ስለታም ነው።

ደበሳይ የመጨረሻዋ መስመር ጋ ሲደርስ ድምፁ ተያዘ። ማንም የሚያስጽፍ አልነበረም።

ዓይኗ የታሰረው ልጅ ግን አልቆመችም። አራት ዓመት የለመዱት ጣቶች በራሳቸው ጊዜ ቀጠሉ፤ ማንም ሳይላቸው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ሳይስቱ ያቺን መስመር መቱ። የሺዓለም ቃሉን በጣቷ ሰማችው። አንገቷን ደፋች። ዓይኗን የምታብስበት ነፃ እጅ ነበራት፣ አላነሳችውም፤ እንባው አገጯ ላይ ወርዶ ቀይ ፊደሎቹ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ከመጀመሪያው ልድገመው?» አለች ረሂማ።

የሺዓለም ቆርኪዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።